ያልተነሣች እጅ

«እምዬ፣ ይንገሩን እስቲ» ያሉኝ ልጆቹ ናቸው።

ቢቸና፣ ከልጄ ቤት ተቀምጠን ቴሌቪዥኑ ፓርላማውን ያሳያል። እኔ መቼም ቴሌቪዥን ሳይ ግማሹን አያለሁ፣ ግማሹን አልማለሁ። ከዚያ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሰው ጥቅጥቅ ብሎ ተቀምጧል። አንድ ሰውዬ ብቻውን ተነሥቶ ይናገራል። ንግግሩን ጨረሰና ተቀመጠ። «የምትደግፉ» ተባለ። ነፋስ ያነሣው የጤፍ ማሳ ይመስል እጁ ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ። «የምትቃወሙ» ሲባል የሰውዬው እጅ ብቻ ብቅ አለች። «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ተባለና አለፈ።

ልጆቹ ሳቁ። ትልቁ የልጅ ልጄ፣ «ይኼ ሰውዬ እዚያ ምን ይሠራል? ቢናገርም ባይናገርም ያው አይደለም እንዴ?» አለ።

«እምዬም እኮ ሞጣ ሳሉ ተቃዋሚ ነበሩ» አለች እኅቱ። «እማ ነግራኛለች። የእድር ስብሰባ ያስቆሙ ናቸው።»

«አሁን ተቃዋሚ አይባልም፤ ተፎካካሪ ነው የሚባለው» ብሎ አረማት።

«እኔ በነበርኩበት ጊዜ ተቃዋሚ ነበር የምንባለው» አልኩት። «በሉ ልንገራችሁ። የምትጽፉት ከሆነም እንደ ወጣልኝ ጻፉት፤ አታሳምሩብኝ።»

እኔ እግሬ ካንድ ደጅ አይረጋም። ልጆቼ «እምዬ መናኸሪያ» ይሉኛል። ባሌ ካረፈ ወዲህ አንዴ ከዚህ ልጄ ዘንድ፣ አንዴ ከዚያ፣ ሲያሻኝ ደግሞ ከበዓል ወደ በዓል እዞራለሁ። ሲነጋ የትኛው ቤት እንደተኛሁ የሚጠፋብኝ ጊዜ አለ፤ ጣራውን አይቼ ነው የማውቀው። ያን ጊዜ ወንዱ ልጄ ሞጣ፣ ከጤና ሥራ ተመድቦ ነበርና እሱ ዘንድ ከረምኩ። እሱ ቀንም ሌሊትም ተረኛ ነው፤ ለእድር የሚሆን ጊዜ የለውም። ስለዚህ እኔ በሱ ፈንታ እሰበሰብ ጀመር። እንግዳ ነኝ ማለት ነው፤ ወንበሩም የኔ አይደለም።

የእድሩ ግቢ ከሰፈሩ ጫፍ ላይ ነው። ባንድ ጎኑ ባሕር ዛፍ ተሰልፏል፣ መካከሉ ሣር ነው፣ ወደ መንገዱ ባለው ጥግ ደግሞ አንዲት ክፍል ቤት አለች። እዚያች ቤት የእድሩ ድንኳን ጠባቂ ትኖራለች። ዕድሜዋ ከኔ ብዙም አይርቅም። ከግንደወይን በኩል የመጣች፣ ወገን ዘመድ የሌላት ሴት ናት። ድንኳኑ ከለቅሶ ቤት ሲመለስ ታሰጣዋለች፣ የተቀደደውን በወፍራም መርፌ ትጠቅማለች፣ ወንበሩን ትቆጣጠራለች። ዝናብ ጥሎ ፀሐይ ስትወጣ የዚያ ድንኳን ሽታ፣ ሣርና ጭቃ እንባም የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታ፣ ዛሬም ድረስ አንዳንዴ ከየት እንደሆነ ሳላውቅ ይመጣብኛል። ሴትዮዋን ሳስብ ሁልጊዜ የማያት ከዚያ ከተዘረጋው ሸራ መሐል፣ ባሕር መሐል እንደተቀመጠች ሆና ነው።

ሰብሳቢው ረጅም፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ነበሩ። ሰፈሩ ይወዳቸዋል፤ የሞተ ሲኖር ቀድመው ይደርሳሉ፣ ያዘነውን አጽናንተው መጨረሻ ይወጣሉ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰበሰቡንና፣ «ለቅሶተኛ በዝናብ ተመታ፤ ድንኳኑም አረጀ። አዳራሽ እንሥራ። ኮሚቴው ቦታውን አይቷል፤ ከመንገዱ በኩል ያለው ጥግ ሜዳ ነው፣ ለመሥራት ይቀላል» አሉ። ያ ጥግ የድንኳን ጠባቂዋ ቤት ያለበት ነው።

«ሴትዮዋስ?» ያለ ሰው የለም። ጸሐፊው ብቻ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ወደ ዘመዶቿ ትሄዳለች፤ ስንቅ እናስይዛታለን» አለ። ዘመድ እንደሌላት እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

«የምትደግፉ?» አሉ ሰብሳቢው።

እጅ ሁሉ ወጣ። እኔ ከኋላ ነበርኩና ዞር ብዬ ሳይ፣ ድንኳን ጠባቂዋ ከተጠቀለለው ሸራ ላይ ተቀምጣ፣ እሷም እጇን አውጥታለች። የገዛ ቤቷ እንዲፈርስ! ቀጥ አድርጋ ነው ያወጣችው፤ ጣቶቿም ተዘርግተዋል።

የኛ ሰው እንዲህ ነው። ይሉኝታ የሚሉት ነገር አለብን። ሰው ፊት ለፊት እያየህ፣ ያውም ትልቅ ሰው፣ «አይሆንም» ማለት ልብስ አውልቆ የመቆም ያህል ያሳፍራል። ሰው ቤቱ ቢፈርስበት ይሻለዋል።

«የምትቃወሙ?» አሉ፤ ለወጉ ያህል ነው፣ ወረቀታቸውን እያጠፉ።

እጄን እኔ አላዘዝኳትም። እንዲሁ ወጥታ ሳያት ለኔም ገርሞኛል።

«እናቴ፣ ዘገዩ መሰለኝ፤ ድጋፉ እኮ አልፏል» አሉኝ ሰብሳቢው በትሕትና።

«አልዘገየሁም። ‹የምትቃወሙ› ስላሉ ነው።»

አጠገቤ ያለችው ሴት ነጠላዬን ሳበችኝ። «ዝም በይ እንጂ እቴ! እንግዳ አይደለሽ?» ከፊት አንድ ሥጋ ሻጭ፣ ሁልጊዜ ለጨዋታ የማያንስ ሰው፣ ተነሥቶ አጨበጨበ። «እሰይ! ሞጣም ተቃዋሚ ፓርቲ አገኘች!» ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ።

«አንድ እጅ አያጨበጭብም፣ እናት ዓለም» አለኝ ደግሞ።

«ላጨበጭብ አይደለም ያወጣኋት» አልኩት።

ሰብሳቢው ሳቁን በእጃቸው አበረዱ። «ምክንያትዎን ይንገሩን።»

«ምክንያት የለኝም። ይቺ ሴት የት ትገባለች ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሴትዮዋ ያን ሁሉ ዓይን ስታይ ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበች። «እኔ ተስማምቻለሁ» አለች፣ ድምፅዋ ሳይሰማ ቀርቶ ሁለተኛ አስደገሟት።

እንግዲህ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። የቆምኩላት ሰው ከነሱ ጋር ናት። ሰብሳቢው ግን ደግ ሰው ናቸውና አላዋረዱኝም፤ «የሚቃወም ሰው አማራጭ ይዞ ይምጣ። የወር ሰው ይበለን፤ ያን ጊዜ እንሰማዎታለን» ብለው በተኑን።

በማግስቱ ወደ ድንኳን ጠባቂዋ ሄድኩ። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር። ከበሯ ላይ ቆማ «ግቢ» እንኳ አላለችኝም።

«ማን ላከሽ?» አለች። «በኔ አፍ ተናገሪ ያለሽ ማነው? አንቺ ነገ ሻንጣሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። እኔ ከነሱ ጋር ነኝ። ስሞት የሚቀብሩኝ እነሱ ናቸው።»

«ቤትሽ ሲፈርስ የት ልትኖሪ ነው ታዲያ?»

«የትም። መርጡለ ማርያም ደጅ እወድቃለሁ። እሳቸውን ግን በሰው ፊት አላሳፍርም።» በሩን ዘጋችው።

የይሉኝታዋ ብዛት ገረመኝ። እያዘንኩ መናኸሪያ ወረድኩና ወደ ቢቸና ተሳፈርኩ። ሲከፋኝ መሳፈር ልማዴ ነው። መኪናው ሲነሣ ሐሳቤም አብሮ ይነሣልኛል። ግንደወይን ላይ አረፍ አለ። በመስኮት ሆኜ፣ ይቺ ሴት ከዚህ ስትነሣ ወጣት ሳለች በየት መንገድ ወጥታ ይሆን እያልኩ ሰውን ሁሉ አያለሁ። የሷን ዓይን የያዘች አንዲት ልጃገረድ ሽንኩርት ይዛ ስትሮጥ አየሁ። መኪናው ተነሣና ጠፋችብኝ።

ቢቸና ላይ አማቼ፣ የነዚህ ልጆች አባት፣ ከሥራ መጣ። እሱ የወላይታ ሰው ነው፤ በመንግሥት ሥራ ተመድቦ መጥቶ እኛው ዘንድ ቀረ። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፤ እኔ በጾም ስመጣ ግን የኔን ጾም ከኔ በላይ የሚጠብቅልኝ እሱ ነው። ነገሩን ስነግረው እየሣቀ ሰማኝ።

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ትልቅ ሥራ ነው የጀመሩት» አለኝ። «ፓርላማ ባለበት አገር ይኼ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ያሸነፈው ባንድ ወገን ይቀመጣል፣ የተሸነፈው ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ፊት ለፊት ሆኖ ይጠይቀዋል፤ ይኼን ለምን አደረግህ፣ ያን የት አደረስከው፣ እገሌ የት ይገባል ይለዋል።»

«የተሸነፈው? ተሸንፎም ይቀመጣል?»

«ይቀመጣል። ደመወዝም ይከፈለዋል።»

«ለመቃወም ደመወዝ!» ሳቄ እንባ አመጣብኝ። «እኔ ባሌን ስቃወም ስንት ዘመን በነፃ ኖርኩ!»

«ግን መቃወም ብቻ አይበቃም» አለኝ። «ሰብሳቢያችሁ እንዳሉት ነው፣ አማራጭ ያስፈልጋል። እንዲያውም አንዳንድ አገር የጥላ ካቢኔ የሚባል አላቸው። መንግሥቱ የእርሻ ሚኒስትር ካለው እነሱም የእርሻ ጥላ ሚኒስትር አላቸው። ሥልጣን የለውም፣ ቢሮ የለውም፤ ግን እኔ ብሆን እንዲህ እሠራው ነበር እያለ ቀን ከሌት ያስባል። ሕዝቡ አንድ ቀን በቃ እናንተ ሞክሩት ካለው ዝግጁ ነው። ጠላት አይደለም፣ እማማ። ተረኛ ነው።»

«ተረኛ» አልኩ። እንደ ልጄ።

ከቀትር በኋላ ከደጅ ጥላ ሥር ጋደም ብዬ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። በሕልሜ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር የጥላ ሰዎች ተሰብስበዋል። ፊታቸው አይለይም፣ ሲንቀሳቀሱ ድምፅ የላቸውም። አንዱ መንገድ ይጠርጋል፣ አንዱ ትምህርት ቤት ይመርጋል፣ አንዷ የጥላ ውሃ ቀድታ ለጥላ ልጆች ታጠጣለች። ፀሐይዋ ዞር ባለች ቁጥር እነሱም አብረው ይዞራሉ፤ አይቸኩሉም። ከነሱ መሐል የሞጣው ግቢም አለ፤ አዳራሹ ተሠርቷል፣ ግን ዞሮ ነው የተሠራው። ፊቱ ወደ መንገድ መሆኑ ቀርቶ ጎኑን ለባሕር ዛፉ ሰጥቶ ተኝቷል። ከጫፉ ላይ ያቺ ክፍል ቤት፣ ከብት አጠገብ እንደተኛች ጥጃ ተለጥፋለች።

ብንን ብዬ ተነሣሁ። ልጄ፣ «ምነው እማ፣ ቃዠሽ?» አለችኝ። «የለም፣ ሠራሁ» አልኳት።

ወር ሳይሞላ ሞጣ ተመለስኩ። ሕልም ብቻ ይዤ ስብሰባ አልገባም ብዬ የድንኳን ገመድ ወስጄ በባሕር ዛፉ ጎን ልለካ ግቢው ገባሁ። የፊተኛው ረድፍ ዛፍ ከተነቀለ ቦታው ይበቃል? ገመዱን ባንድ በኩል ስይዝ በሌላው በኩል ይንሸራተትብኛል። ድንጋይ ብጭንበት ይወጣል። ድንኳን ጠባቂዋ ከበሯ ላይ ሆና ታየኛለች። ለብዙ ጊዜ እንዲህ ስታገል ቆየሁ። በኋላ መጣች። ሰላምም ሳትለኝ በእግሯ ገመዱን ረገጠችልኝና ወደ ሰማይ ማየት ጀመረች፤ ደመና የምታይ ነው የምትመስለው። ለካሁ። ቦታው በቃ። እግሯን አንሥታ ተመልሳ ገባች።

የስብሰባው ቀን ሥጋ ሻጩ ገና ከበሩ አየኝ። «መንገድ ልቀቁ፣ ተቃዋሚ ፓርቲ ገባች!»

«ፓርቲው ብቻውን ነው የመጣው ወይስ አባል አፍርቷል?» አለ ሌላው።

ሰብሳቢው ቆሙልኝ። «ይናገሩ፣ እናቴ።»

እኔ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ያው እንዳየሁት ነገርኳቸው። አዳራሹ ይዙር፣ ጎኑ ለዛፉ ይሁን፣ የፊተኛው ረድፍ ይነቀል፣ ቤቷ ትቅር። ድንኳን ጠባቂ የሌለው አዳራሽ ምን ያደርግላችኋል፣ ቁልፉንስ ማን ይይዝላችኋል አልኩ።

«የባሕር ዛፍ ጉቶ ማን ይነቅላል?» አለ ሥጋ ሻጩ። «ነቅለሽ ታውቂያለሽ? ወገብ ይቆርጣል! ተቃዋሚዎች ይንቀሉት!»

«ሁላችሁም ተቃዋሚ ብትሆኑልኝ እኮ ጉቶው ባንድ ቀን ያልቅ ነበር።»

እዚህ ላይ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው፤ ሳቃቸው ከፊተኛው ሳቅ የተለየ ነበር።

ሰብሳቢው ተነሡ። «እሺ፤ ባለፈው እንደተወሰነው፣ ቦታው ከጥግ ይሁን የምትሉ?»

እጅ ወጣ፤ እንደ ፊተኛው ባይሆንም በዝቶ ወጣ። እኔ ወደ ኋላ ዞርኩ። ድንኳን ጠባቂዋ ከሸራዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለት እጇ በነጠላዋ ውስጥ ነው። «የምትቃወሙ?» ሲባል የኔ ወጣች፣ ነጠላዬን የሳበችኝ የዚያች ሴት ወጣች፣ ሌላም አንድ ሁለት። የሷ አሁንም አልወጣችም። አልደገፈችም፣ አልተቃወመችም። እጇን ብቻ ደብቃ ዓይኗን ሣሩ ላይ ጥላለች።

ሰብሳቢው እሷን አዩ። እጅ መቁጠር ትተው እሷን ብቻ አዩ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና ቀና ብለው ደመናውንም አዩ።

«ነገሩ ይደር» አሉ።

«ጋሼ፣ አብላጫ አለን እኮ!» አለ ሥጋ ሻጩ።

«አብላጫውን አይቻለሁ። ይደር አልኩ።»

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ሰው ሁሉ ነጠላውንም ጋቢውንም ደርቦ የእድሩ ወንበር ወደሚቀመጥበት መጋዘን ጣራ ሥር ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። ዞር ብዬ ሳይ ሰብሳቢው ብቻቸውን ከሣሩ መሐል ቆመዋል። ዝናቡ በባርኔጣቸው ጠርዝ ይወርዳል። የሚያስቡት ነገር አለ ብዬ አለፍኩ፤ ሰው ሲያስብ ዝናብ አይታየውም።

ብዙም ሳልቆይ ልጄ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና ከሞጣ ወጣሁ። ወሬው ግን በመናኸሪያ በኩል ይደርሰኝ ነበር። ኋላ ሰብሳቢው ሰፈሩን አግባብተው አዳራሹ ዞሮ ተሠራ አሉ። ጉቶውን ሰፈሩ በደቦ ነቀለው፤ ከሁሉ ብዙ የነቀለው ሥጋ ሻጩ ነው፣ ያውም እየዘፈነ። ያቺ ቤት ከጫፉ ተለጥፋ ቀረች አሉ፤ እንደ ሕልሜ።

«ታዲያ አሸነፉ ማለት ነው!» አለች የልጅ ልጄ።

አላሸነፍኩም አልኳት። አብላጫው የነሱ ነበር፤ እኔ ሁለቴም ተሸንፌያለሁ። ያ በቴሌቪዥን ያያችሁት ሰውዬም ዛሬ ተሸንፎ ነው ቤቱ የሚገባው። እራቱን ሲበላ «ምን አመጣሁ» ሳይል አይቀርም። ነገር ግን እሱ ባይነሣ ኖሮ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ጥያቄው ራሱ አይነሣም ነበር። ሁሉም እጅ ሲወጣ ከፊት የተቀመጠው ሰው ከኋላ ያለውን አያይም፤ የእጁ ጫካ ይጋርደዋል። አንድ እጅ ስትጎድል ነው በዚያች ክፍተት የሚያየው። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ፓርላማን የማውቀው በዚያች ክፍተት ልክ ነው።

እንደዚያ እያሰብኩ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ክፍተቷን የከፈትኳት እኔ ነኝ እያልኩ።

ከዓመታት በኋላ እግሬ ደግሞ ወደ ሞጣ አነሣኝ። ሰብሳቢው ዐርፈዋል። ድንኳን ጠባቂዋ አርጅታለች፤ ዓይኗ ደክሞ ክሩን በመርፌው ሌላ ሰው ያስገባላታል። ያን ቀን ግን «ግቢ» አለችኝ። ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር በተጋራችው ቤቷ ተቀምጠን፣ ያኔ ለምን እጇን እንዳወጣች፣ በኋላስ ለምን እንደደበቀችው ጠየቅኋት።

ከግንደወይን የመጣች ጊዜ፣ ሆዷ ገፍቶ ነበር አለችኝ፤ ልጁ በኋላ አልቆየላትም። ማደሪያ አጥታ ከእድሩ ግቢ ተጠጋች። ሰፈሩ ተሰበሰበና ዘመድ የሌላት፣ ባል የሌላት ሴት ግቢያችን አታድርም ብሎ ባንድ ቃል ወሰነ። እጅ ሁሉ ወጣ። አንድ ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ብቻ ከኋላ ቆሞ «እኔ አልስማማም» አለ። ሳቁበት። ተቀመጥ አሉት፤ አልቀመጥም አለ። ዝናብ መጣና ሰው ሁሉ ሮጦ ሲጠለል እሱ ከሣሩ መሐል እየተመታ ቆመ፤ እሷም ከአጥሩ ሥር ሆና ታየዋለች። ኋላ ሽማግሌዎቹ እየሳቁም እየተናደዱም፣ «በሉ ይቺን ጥግ ስጧትና ይኼ ልጅ ይግባልን፤ በብርድ ሊሞት ነው» አሉ።

ያ ጎረምሳ ሰብሳቢው ነበሩ። «ልቃወማቸው አልችልም፤ እሳቸው በዝናብ ቆመው ያገኙልኝን ቤት ይፍረስ ብዬ ደግሜ እጄን ማውጣትም አቃተኝ» አለችኝ።